ካርዱ ሜሪላንድ፣ ዕጣኑ ገንዳ ውሃ

ከመተማ ቆላ የሚነሣ አንድ ትንሽ ድረ ገጽ ከውጭ አገር ካርድ ገንዘብ ልቀበል ቢል መንገዱ ምን ይመስላል?

ከመተማ ዮሐንስ ወደ ሱዳኗ ገላባት የምታሻግረው ድልድይ አጭር ናት። በበጋ ከሥሯ ውሃ አይታይም፤ ሰላም በሆነ ቀን ግን ከላይዋ ጭነት መኪናው፣ ባጃጁ፣ ጋሪውና እግረኛው አይቋረጥም። ወዲህ ብር፣ ወዲያ የሱዳን ፓውንድ፤ ሁለቱንም በአንድ ኪስ ይዞ የሚዞረው መንዛሪ መሀል ላይ። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ሰዉ ጥላ ፍለጋ ይገባል፤ ድርድሩ እዚያው ጥላ ሥር ይቀጥላል።

ይህች ድልድይ ለረጅም ዓመታት የካርድም ድንበር ነበረች። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 በሱዳን ላይ የጣለችው የኢኮኖሚ ማዕቀብ በ2017 እስኪነሣ ድረስ ቪዛና ማስተርካርድ ሱዳን ውስጥ አይሠሩም ነበር። ከካይሮ ተነሥቶ ወደ ኬፕታውን በመኪና የሚወርድ ፈረንጅ ሱዳንን የሚያቋርጠው ዶላር በጥሬው ይዞ ነበር። መተማን ተሻግሮ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ወጥቶ ጎንደር ሲደርስ ግን ሱዳን ውስጥ ያልሠራው ካርዱ ነፍስ ይዘራ ነበር። ካርዱ ያው ካርድ፣ ባለቤቱም ያው ሰው ነው፤ የሚለየው ከጀርባው የሚዋዋሉ ባንኮች መኖርና አለመኖር ነው።

የኢትዮጵያ መንግሥት ራሱ በድረ ገጽ የካርድ ክፍያ መቀበል ሲጀምር መተማን አላያትም። በ2010 ዓ.ም. የተጀመረው የኢንተርኔት የመግቢያ ቪዛ ክፍያው በካርድ፣ አገልግሎቱም ፈጣን ነበር፤ ነገር ግን ሲጀመር የሚሠራው በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ለሚገባ መንገደኛ ብቻ ነበር። በገላባት በኩል በምድር የሚመጣው መንገደኛ እንደ ድሮው ከኤምባሲ የተለጠፈ ቪዛ ይዞ መቅረብ ነበረበት።

አሁን ጥያቄው ተገልብጧል፤ ከሩቅ ያለ ሰው በካርድ እንዲከፍለው የሚፈልገው የመተማው ሰው ነው። በመተማ ቆላ ባለችው ገንዳ ውሃ ከተማ ኮምፒውተር ተምሮ የተመረቀ ልጅ ድረ ገጽ ለመሥራት ማንንም አያስቸግርም፤ ዝግጁ ንድፍ ያወርዳል፣ ፎቶ ይለጥፋል፣ ዋጋ ይጽፋል። «ዕጣን፣ ሰሊጥ፣ የቋራ ማር» የሚል ገጽ በሳምንት ውስጥ ይቆማል። የሚያስቸግረው «ይክፈሉ» የሚለው ቁልፍ ነው።

ከሚንጋፍ እስከ ፖስታ

ቆላው የሚሸጥ ነገር አላጣም። ቆላው ያለበት ምዕራብ ጎንደር የሰሊጥ አገር ነው። መስከረም ሲጋመስ የደረሰው ሰሊጥ ታጭዶ፣ ነዶው አናቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ይቆማል፤ ሲደርቅ ተገልብጦ ይራገፋል። ቀን ካለፈ ፍሬው በራሱ ፈንድቶ መሬት ላይ ስለሚፈስ፣ በዚያ ሰሞን ከደጋ በብዙ ሺህ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ከፀሐይም ከትንኝም ጋር እየታገለ ይረባረባል። ሰሊጥ ግን ለትንሽ ድረ ገጽ አይመችም። የጅምላ ሸቀጥ ነው፤ በላኪ ፈቃድ፣ በመጋዘን ደረጃና በ2000 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥርዓት የሚሄድ። አንድ ወጣት በላፕቶፑ ሰሊጥ በኩንታል ወደ ውጭ እልካለሁ ቢል ሕጉም ጭነቱም አይፈቅድለትም።

ዕጣኑ ይሻላል። በመተማና በቋራ ደረቅ ኮረብቶች ላይ የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ በበጋ ወራት ሚንጋፍ በሚባል የብረት መሣሪያ ልጡ በትንሹ ይላጣል። ነጭ ወተት መሰል ፈሳሽ ይወጣና ይደርቃል፤ ያ ተለቅሞ ቁስሉ በመጠኑ ይሰፋል፣ እንደገና ይደማል። በወቅቱ ውስጥ ይህ ደጋግሞ ይደረጋል። ከዚያ ዕጣኑ ወደ መጋዘን ይገባና ሴቶች መሬት ላይ ቁጭ ብለው በእጃቸው ይለዩታል፦ ትልቁና ነጩ ለብቻ፣ ደቃቁ ለብቻ፣ ልጥ የያዘው ጥቁሩ ለብቻ። የለቀማው ወለል በነጭ ብናኝ ይሸፈናል፤ ሽታው ልብስ ላይ ለቀናት ይቀራል።

ይህ ዕጣን በብዛት የሚሄደው በጅምላ ነው። ሲመለስ ግን አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ በጣት በምታህል ብልቃጥ ዘይት ሆኖ፣ የዛፉ የላቲን ስም ተጽፎበት በድረ ገጽ ይሸጣል። ያ የውጭ ሻጭ የካርድ ክፍያ የሚቀበለው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በከፈተው አካውንት ነው። ዛፉ ሥር ያለው ሰው ያንን ማድረግ አይችልም። የዚህ ጽሑፍ ነገር በሙሉ ከዚህ ልዩነት ይነሣል።

አንዳንድ የዕጣን ነጋዴዎች በድረ ገጽ የመሸጡን ነገር በትዕግሥት ሰምተው ይስቃሉ። «ሰው ሳያየው፣ ሳያሸተው እንዴት ይገዛል?» የሚል አለ። «ለመሆኑ ገንዘቡ በየት በኩል ይገባል?» የሚለው ሁለተኛው ጥያቄያቸው ግን የሚያስቅ አይደለም።

የበጉ ድረ ገጽ

ነገሩ ለኢትዮጵያ አዲስ እንዳይመስለን። ከሃያ ዓመት በፊት «ኢትዮጊፍት» የተባለ ድረ ገጽ ውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ አዲስ አበባ ላለ ዘመዱ ኬክ፣ አበባ፣ በበዓል ሰሞንም በግ እንዲልክ ያደርግ ነበር። ልጅ ከውጭ ይከፍላል፣ እናት በሯ ላይ የበግ ድምፅ ትሰማለች። ስለ አዳጊ አገሮች የኢንተርኔት ንግድ የሚጽፉ ፈረንጆች በጊዜው ይህን ምሳሌ በጣም ወደዱት፤ በግና ኢንተርኔት በአንድ ዓረፍተ ነገር መግባታቸው ሳያስቃቸው አልቀረም።

እኔ ግን በዚያ ሐሳብ ውስጥ የማየው ብልሃት ሌላ ነው። ዕቃው ድንበር አያቋርጥም። የሚሻገረው ገንዘቡ ብቻ ነው። ጉምሩክ የለ፣ የላኪ ፈቃድ የለ፣ በመንገድ የሚበላሽ የለ። ለመተማ ቆላ ዛሬም የሚያዋጣው ይኸው ይመስለኛል፦ ሜሪላንድ ያለች እህት ከፍላ ገንዳ ውሃ ላለች እናቷ በግ፣ ዱቄት፣ ዘይት ወይም የመድኃኒት ወጪ እንዲደርስ ማድረግ። ዕጣኑ በፖስታ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው።

> ዕቃው ድንበር ካላቋረጠ ግማሹ ጣጣ ቀረ፤ የሚቀረው ገንዘቡን ማሻገር ነው።

በሁለት ሴኮንድ ውስጥ

ካርድ ተጠቅሞ የከፈለ ሰው ሁሉ «ክፍያዎ ተሳክቷል» የምትለዋን መስመር ያውቃታል። ከቁልፉ እስከዚያች መስመር ያለውን ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ሜሪላንድ ያለችው እህት ካርዷ ላይ ያሉትን 16 አኃዞች ትጽፋለች። የመጀመሪያው 4 ከሆነ ቪዛ ነው፤ ቀጣዮቹ የትኛው ባንክ እንደሰጠው ይናገራሉ። የመጨረሻው አኃዝ ደግሞ የሌሎቹ መቆጣጠሪያ ነው፤ የአይቢኤሙ ሐንስ ፒተር ሉን እ.ኤ.አ. በ1960 ባለቤትነቱ በተመዘገበለት ቀላል ስሌት የቀደሙትን ቁጥሮች ያጣራል። አንድ ቁጥር ብትሳሳት ገጹ «ልክ አይደለም» የሚላት ባንክ ሳይጠየቅ እዚያው ስልኳ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። በደንብ በተሠራ ትንሽ ድረ ገጽ እህቲቱ ቁጥሯን የምትጽፈው የሻጩ ገጽ ላይ አይደለም። የሻጩ ገጽ ቀስ ብሎ ወደ ክፍያ አቀላጣፊው ድርጅት ገጽ ያሸጋግራታል፤ የሙያው ሰዎች «ፔይመንት ጌትዌይ» የሚሉት ነው። ቁጥሩን የሚያየው እሱ ብቻ ነው። ለሻጩ የሚደርሰው «ትእዛዝ ቁጥር እንዲህ ተከፍሏል» የሚል መልእክት ነው። የካርድ ድርጅቶቹ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በጋራ ያወጡት የደኅንነት መመሪያ አለ፤ ከካርዱ ጀርባ ያለውን ሦስት አኃዝ ምስጢር ቁጥር ክፍያው ከተፈቀደ በኋላ ማስቀመጥ ለማንም ክልክል ነው ይላል። ስለዚህ የካርድ ቁጥር ደብተር ላይ ገልብጦ የሚይዝ ወይም በቴሌግራም ላኩልኝ የሚል ሻጭ ሌባ ባይሆን እንኳን ለሌባ ምቹ ነው።

ጌትዌዩ ጥያቄውን ለሻጩ ባንክ ያደርሳል። ያ ባንክ ለቪዛ አውታር፣ አውታሩ ካርዱን ለሰጠው የአሜሪካ ባንክ ያስተላልፋል። የአሜሪካው ባንክ ሒሳቡን ያያል፤ ከሒሳቡ ይልቅ ግን ጠባዩን ያያል። ይቺ ሴት ከዚህ በፊት ከኢትዮጵያ ገዝታ ታውቃለች? የዛሬው ግዢ ሌሎቹን ይመስላል? ከተጠራጠረ ስልኳ ላይ የማረጋገጫ ቁጥር ይልካል። ካልፈለገ ደግሞ ምንም ሳይጠይቅ ይከለክላል።

መልሱ በሁለት አኃዝ ይመለሳል። 00 ከሆነ ተፈቅዷል። 51 ከሆነ ገንዘቡ አይበቃም። 05 ከመጣ ግን «አትቀበለው» ነው፤ ምክንያት አይነገርም። ለአዲስ ሻጭ ከሁሉ የሚያበግነው ይህ 05 ነው። ካርዱ ይሠራል፣ ገንዘብ አለው፣ ባለቤቷ በስልክ ላይ ሆና «ኧረ እየከፈልኩ ነው!» ትላለች፤ ባንኳ ግን ኢትዮጵያ የሚለውን ስም አይቶ ፊቱን አዙሯል። መድኃኒቱ እሷ ለባንኳ ደውላ «የምገዛው እኔ ነኝ» ማለቷ ነው። ከሻጩ የሚፈለገው ይህን በገጹ ላይ በአንድ መስመር አስቀድሞ መጻፍ ብቻ ነው፤ ሲጽፉ ግን ብዙም አይታይም።

ይህ ሁሉ በሁለት በሦስት ሴኮንድ ያልቃል። ገንዘቡ ግን ገና ካለበት ንቅንቅ አላለም። የተላለፈው ቃል ነው፤ ሒሳቡ በባንኮቹ መካከል ተጣርቶ ሻጩ ዘንድ የሚደርሰው ከቀናት በኋላ ነው። በደረሰኙ ደስ ብሎት በጉን ያስረከበ ሻጭ ያስረከበው በባንኮች ቃል ላይ ተማምኖ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ቃሉም የሚፈርስበት መንገድ አለ። ገዢዋ «ዕቃው አልደረሰኝም» ወይም «እኔ አልገዛሁም» ብላ ለባንኳ ካመለከተች ክፍያው ከሻጩ ላይ ተመልሶ ይነሣል። ቻርጅባክ ይሉታል። የማመልከቻው ጊዜ ብዙውን ጊዜ እስከ 120 ቀን ይደርሳል። በአራት ወር ውስጥ በጉ ታርዶ ተበልቷል፣ ዕጣኑም ጨሶ አልቋል። ሻጩ ማስረጃ አቅርቦ ካልተከራከረ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የክርክሩን ክፍያ ጭምር ይከፍላል። ገንዳ ውሃ ላይ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ተጽፎ የሚፈረምበት የርክክብ ወረቀት ብርቅ በመሆኑ፣ በጉን የተቀበለችውን እናት ከበጉ ጋር ፎቶ ማንሣት ከመልካም ምኞትነት አልፎ የክርክር ማስረጃ ይሆናል።

የአክስት ልጅ አካውንት

በዓለም ላይ ያሉ ትንንሽ ድረ ገጾች በብዛት የሚጠቀሙት የስትራይፕን ወይም የፔይፓልን አገልግሎት ነው። ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተመዘገበ ነጋዴ አካውንት አይከፍትም። እ.ኤ.አ. በ2020 ናይጄሪያዊውን ፔይስታክ ሲገዛ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሶፍትዌር ሰዎች ቀጣዩ ተራ የኛ ይሆናል ብለው ነበር። አልሆነም።

ስለዚህ ልማዳችን መፍትሔ ፈለገ፤ ዘመድ። የአክስት ልጅ አሜሪካ አለ፤ አካውንቱ በሱ ስም ይከፈታል፣ ገንዘቡ እሱ ጋ ይገባል፣ እሱ በሚችለው መንገድ ይልካል። ለድረ ገጹ ስምና ለማስቀመጫው በዓመት የሚከፈለውን ጥቂት ዶላርም የሚከፍለው እሱ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ አካውንት የሌለው ሰው በአገር ውስጥ ካርዱ የውጭ አገልግሎት መግዛት ይቸግረዋልና። የአክስት ልጅ ሥራ በዝቶበት የእድሳቱን ኢሜይል ካላየው ገንዳ ውሃ ያለው ሱቅ በአንድ ሌሊት ከኢንተርኔት ይጠፋል።

የባሰም አለ። አካውንቱ በአሜሪካ ነዋሪ ስም፣ ዕቃው ኢትዮጵያ፣ ትእዛዝ የሚያየው ስልክ ኢትዮጵያ ሲሆን የክፍያ ድርጅቱ ኮምፒውተር ይህን እንደ ማጭበርበር ምልክት ሊያነበው ይችላል። አካውንቱ ይታገዳል፣ ገንዘቡም ለወራት ይያዛል። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ ያ ሁሉ ገቢ የአክስት ልጅ ገቢ ነው ይላል። በዝምድና የተጀመረ ንግድ በዝምድና ጠብ ሲያልቅ ውጭ አገር ያለ ሰው ብዙ ጊዜ አይቷል።

ክፍያውም ለትንሽ ሽያጭ አይራራም። አሜሪካ ውስጥ የስትራይፕ የተለመደ ዋጋ ከእያንዳንዱ ክፍያ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ነው። የመቶ ዶላር በግ ሲሸጥ ሦስት ዶላር ከ20 ሳንቲም ይነሣል፤ ይታገሡታል። አምስት ዶላር የሚያወጣ የዕጣን ፓኮ ሲሸጥ ግን 44 ሳንቲም ያህል ይሄዳል፣ ዘጠኝ በመቶ ማለት ነው። እንግዲህ ዕጣኑን በአምስት ዶላር ፓኮ መሸጥ የዋህነት ነው።

ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ግን ሌላ በር አለ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶች የክፍያ ሥርዓት እንዲያንቀሳቅሱ የሚፈቅድ መመሪያ ካወጣ በኋላ እንደ ቻፓና አሪፍፔይ ያሉ የአገር ውስጥ ድርጅቶች ፈቃድ አግኝተው ሥራ ጀመሩ። ባንኮችም የራሳቸውን የኢንተርኔት ክፍያ አገልግሎት ለነጋዴ ይሰጣሉ። ከነዚህ አንዳንዶቹ ከአገር ውስጥ ባንክና የስልክ ገንዘብ በተጨማሪ የውጭ ቪዛና ማስተርካርድ ያስተናግዳሉ። ነጋዴው የሚጠየቀው ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ ነው። ይህ ማለት ገንዳ ውሃ ላይ ሕጋዊ ፈቃድ ያለው አንድ ባለ ሱቅ በወረቀት ደረጃ የአክስት ልጅ አያስፈልገውም። ዶላሩ ባንክ ዘንድ ይቀራል፣ እሱ ብሩን ያገኛል።

ብሩ ስንት ነው?

በሩ ከተከፈተ ወዲህ ታዲያ ሰው ለምን አልገባበትም? ምክንያቱን ብዙ ሰው ቴክኖሎጂ ላይ ይፈልገዋል። እኔ ምንዛሪው ላይ እፈልገዋለሁ።

እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በትይዩ ገበያው እጥፍ ገደማ። ሜሪላንድ ያለች እህት 50 ዶላር በካርድ ብትከፍል ሻጩ ዘንድ የሚደርሰው ከ2,850 ብር አይበልጥም ነበር። ያንኑ 50 ዶላር በትይዩ ገበያው ለሚሠራ የሐዋላ ሰው ብትሰጥ እናቷ እጥፉን ትቀበላለች። በካርድ ግማሽ በግ፣ በሐዋላ ሙሉ በግ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ሒሳብ የትኛውም ያማረ ድረ ገጽ አይረታም። ሕገ ወጥ ነው ብሎ መምከር ይቻላል፤ እናትን በግማሽ በግ ማሳመን ግን ይከብዳል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የባንክ ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ልዩነቱ ጨርሶ ባይጠፋም የካርድ ክፍያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሐዋላ ጋር በአንድ ሚዛን ላይ መቀመጥ ቻለ። ስለ ዲጂታል ኢኮኖሚ በየአዳራሹ ከተነገረው ሁሉ ይልቅ ለትንሽ ድረ ገጽ የጠቀመው ይህ ነው እላለሁ። ኑሮውን ምን ያህል እንዳስወደደው ደግሞ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል።

> የትኛውም ያማረ ድረ ገጽ እናትን በግማሽ በግ አያሳምንም።

ሱቁ ክፍት፣ ባለቤቱ ጨለማ

በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ሳቢያ የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ገደማ አልተመለሰም። ያንን ወቅት የኖረን ሰው ስለ ድረ ገጽ ንግድ ማንም ሊያስተምረው አይችልም።

ግድግዳ ያለው ሱቅ ሲዘጋ ለሁሉም ይዘጋል። ድረ ገጽ ግን የሚቀመጠው ጀርመን ወይም አሜሪካ ያለ ኮምፒውተር ላይ ነው። ገንዳ ውሃ ኔትወርክ ቢጠፋም፣ መብራት ቢጠፋም፣ የጎንደሩ መንገድ ቢዘጋም ሱቁ ክፍት ነው። ሜሪላንድ ያለችው እህት ትገባለች፣ በጉን ትመርጣለች፣ ትከፍላለች፤ «ክፍያዎ ተሳክቷል» ይላታል። ሻጩ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሳምንት ትጠብቃለች፣ ትጽፋለች፣ መልስ የለም። ከዚያ ባንኳ ዘንድ ትሄዳለች። ኔትወርክ ሲመለስ ሻጩን የሚጠብቀው ትእዛዝ፣ ቁጣና ቻርጅባክ በተርታ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሚያስበው ግን ጥቂት ነው። ትእዛዝ ሲመጣ በኢሜይል ብቻ ሳይሆን በተራ አጭር መልእክትም እንዲደርስ ማድረግ፣ የኢንተርኔት መስመር ሲቆም ተራው ስልክ የሚሠራበት ጊዜ ብዙ ነውና። ሌላው፣ ኔትወርክ ባለበት ከተማ ያለ አንድ የታመነ ሰው «ለጊዜው ትእዛዝ አንቀበልም» የምትለዋን ቁልፍ መጫን እንዲችል ሥልጣን መስጠት ነው። ዘመድ እዚህ ላይ ያስፈልጋል፤ ለገንዘብ ሳይሆን ለቁልፍ።

ከድልድዩ ማዶ ያለው ትምህርትም ከዚህ አይርቅም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ ባንኮች ተዘጉ፣ ተዘረፉ። ሱዳናዊው የተረፈው «ባንካክ» በሚባለው የካርቱም ባንክ የስልክ መተግበሪያ ነው። ዳቦ በሱ ይገዛል፣ ዘመድ በሱ ይላላካል። በመተማ በኩል የገባው ስደተኛም ጥሬ ገንዘቡ በየኬላው ሲወሰድበት ስልኩ ውስጥ ያለው ተረፈለት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ግን በአብዛኛው ሱዳን ኔትወርክ ሲጠፋ ያ ገንዘብ ሁሉ ቁጥር ሆኖ ቀረ። ማስተርካርድ ያልደረሰበት አገር የራሱን መንገድ ሠራ፤ መንገዱ ግን እንደኛው በአንድ ክር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

የአገር ቤቱ ግማሽ

እስካሁን ያወራነው ስለ ውጭ ካርድ ነው። ጎንደር፣ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ላለ ገዢ ግን ካርድ የሚባል ነገር ተዘሎ በቀጥታ ወደ ስልክ ገንዘብ ተገብቷል። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ኤም-ፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከተለ። በ2015 ዓ.ም. ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ሲወሰን ስልኩን ለመደወል ብቻ ይጠቀም የነበረ ሹፌር ሳይወድ በግዱ የቴሌብር ደንበኛ ሆነ። ቆላው ውስጥ ያለ ባጃጅ ነጂ 16 አኃዝ ያለው ካርድ አይቶ ላያውቅ ይችላል፤ የምስጢር ቁጥሩን ግን በጨለማም ይመታታል።

ለዚህ ገዢ ትንሽ ድረ ገጽ የሚያስፈልገው የአገር ውስጥ ጌትዌይ ብቻ ነው። ሆኖም ብዙ ሻጭ ጌትዌዩን ትቶ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን በገጹ ላይ ይለጥፍና «ከፍለው ስክሪንሹት ይላኩ» ይላል። ነፃ ነው፣ ቀላል ነው። ስክሪንሹት ግን በስልክ ውስጥ በአምስት ደቂቃ ይታረማል፤ የሌላ ሰው ደረሰኝ ላይ ስምና መጠን ቀይሮ የሚልክ ሞልቷል። ዕቃ የሚሰጠው ሥዕሉ ታይቶ ሳይሆን ገንዘቡ የራስ ሒሳብ ውስጥ መግባቱ ታይቶ፣ ወይም በደረሰኙ ላይ ያለው መለያ ቁጥር በባንኩ በኩል ተመርምሮ ነው። የባንክ ቅርንጫፍ ሠራተኞች ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ውስጥ ድካም አለ፤ አቤቱታ ይዞ የሚመጣው ነጋዴ ሁሌ ዕቃውን ከሰጠ በኋላ ነው።

የውጭ ካርድ መቀበል የጀመረ ገጽ ደግሞ ሌላ እንግዳ ይጠብቀዋል። የተሰረቁ ካርዶች የያዙ ሌቦች ካርዱ መሥራቱን የሚፈትሹት እንዲህ ያሉ ትንንሽ ገጾች ላይ አንድ አንድ ዶላር እየከፈሉ ነው። በአንድ ሌሊት መቶ የአንድ ዶላር ሽያጭ አይቶ «ሲሳይ ወረደ» ያለ ሻጭ ጠዋት ጌትዌዩ ሲዘጋበት ይነቃል። ዝቅተኛ የግዢ መጠን መወሰን፣ የማረጋገጫ ቁጥር የሚጠይቀውን ሥርዓት ማብራት፣ ለማያውቁት ገዢ ትልቅ ዕቃ ከመላክ በፊት ደውሎ ማነጋገር ይረዳል። የመጨረሻው በመተማ ገበያ ድሮም ያለ ሥርዓት ነው፤ ለማያውቀው ሰው ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ዱቤ የሚሰጥ የለም።

ለሻጭም ለገዢም

እዚያ ቆላ ሆኖ ለመጀመር ላሰበ የኔ ፍርድ ይህ ነው። በአገር ውስጥ ክፍያ ይጀመር፤ ገዢው አለ፣ መንገዱም የተጠረገ ነው። የውጭ ካርድ በብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ባለው ጌትዌይ በኩል ሁለተኛ ይምጣ፤ የሚሸጠውም መጀመሪያ አገር ቤት የሚረከብ ዕቃ ይሁን። የአክስት ልጅ አካውንት ለጊዜው የቀለለ ቢመስልም ንግዱ ባደገ ቁጥር የሚከብድ ነውና ይቅር።

ውጭ አገር ሆናችሁ ከእንዲህ ያለ ገጽ ለምትገዙ ደግሞ፦ የካርድ ቁጥራችሁን የምትጽፉት የታወቀ የክፍያ ድርጅት ገጽ ላይ መሆኑን አድራሻውን አንብባችሁ አረጋግጡ፤ በቴሌግራም፣ በስልክ ወይም በፎቶ ላኩ ለሚል ሰው አትስጡ። ከመክፈላችሁ በፊት ለባንካችሁ ንገሩ። ዕቃው ዘግይቶ መልስ ካጣችሁም ወደ ባንካችሁ ከመሮጣችሁ በፊት አንድ ጊዜ በተራ ስልክ ደውሉ፤ ኔትወርክ ጠፍቶ ይሆናል።